የሚያዘነብል እግርና የሚደግፈው ጫማ

የሯጭ እግር ከኋላ ተቀርጾ በዝግታ ሲታይ የተመለከተ ሰው ትንሽ ይደነግጣል። ተረከዙ መሬት የሚነካው ብዙ ጊዜ በውጭ ጠርዙ ነው። ወዲያው ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የውስጥ እግር ቅስት ዝቅ ይላል፤ ከዚያ እግሩ እንደገና ይጠነክርና በአውራ ጣቱ በኩል መሬቱን ገፍቶ ይነሣል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሩብ ሰከንድ ግድም ነው። ባለሙያዎች ማዘንበሉን ፕሮኔሽን ይሉታል። በሽታ አይደለም። በሩጫ ጊዜ በአንድ እግር ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ እግር ጫናውን የሚያለዝበው በዚህ መንገድ ነው።

ማዘንበሉ ሲበዛ ስሙ ኦቨርፕሮኔሽን ይሆናል። የቅልጥም አጥንት ቁርጭምጭሚቱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ጉልበትም አብሮ ይሳባል። ጠፍጣፋ እግር ባላቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ ቆሞ ሲታይ ጠፍጣፋ የሆነ እግር ሲሮጥ ደህና ሊሆን ይችላል፣ የተቀሰተውም ሊዘም ይችላል። “በዛ” የሚባለው ከየት ጀምሮ እንደሆነ ደግሞ ሁሉም የተስማማበት መስመር የለም። የጫማ ሻጭ በመሮጫ ማሽን ላይ አሥር ሰከንድ አሩጦ “እግርዎ ያዘነብላል” ሲል ይህ ቢታወስ ጥሩ ነው። የሁሉም እግር ያዘነብላል።

ይህን ማዘንበል እንዲገታ የተሠራው ጫማ፣ በገበያ ስሙ ስታቢሊቲ፣ የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የሩጫ ወረት ልጅ ነው። የቢሮ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የቤት እመቤቷ በየመንገዱ መሮጥ ሲጀምሩ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በዛ፤ ጫማ ሠሪዎችም ጥፋቱን በማዘንበሉ ላይ ጣሉ። ብሩክስ በ1977 ቫንቴጅ የተባለውን ጫማ ሲያወጣ ከተረከዙ ሥር ውስጠኛውን ጎን በትንሹ ከፍ የሚያደርግ ሽብልቅ አስገባበት፤ ለሚወዛወዝ ጠረጴዛ ወረቀት አጥፈን እንደምንሸጉጠው ማለት ነው። በ1982 በወጣው ቻሪየት ላይ ደግሞ የውስጠኛውን ጎን ስፖንጅ ከውጨኛው ይልቅ ጠንካራ አደረገው። ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት የብዙ ኩባንያዎች ደንብ ሆኖ ቆየ። በ1993 ብቅ ያለው፣ በንድፍ ባለሙያው በቶሺካዙ ካያኖ ስም የተጠራው የኤሲክስ ካያኖም ከዚያው ቤት ነው። ጠንካራው ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ስለነበር ጫማውን ከሩቅ መለየት ይቻል ነበር፤ በአውራ ጣት ሲጫኑትም እንደ ውጨኛው ጎን አይሰምጥም ነበር።

ሐሳቡ ያሳምናል። እግር ወደ ውስጥ ከወደቀ ውስጡን ደግፈው። ችግሩ ሐሳቡ ሲፈተን ነው። የአሜሪካ ጦር ኃይል ሺዎች የሚሆኑ ምልምሎቹን በውስጥ እግራቸው ቅርጽ ከፋፍሎ ለየቅርጹ “ተስማሚ” የተባለውን ጫማ አደለ፤ ለንጽጽር የቆሙት ደግሞ ቅርጻቸው ሳይታይ ሁሉም አንድ ዓይነት ስታቢሊቲ ጫማ ተሰጣቸው። በ2009 እና በ2010 የወጡት ውጤቶች በጉዳት መጠን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም። በዴንማርክ 927 ጀማሪ ሯጮች አንድ ዓይነት፣ ድጋፍ የሌለው ጫማ ተሰጥቷቸው ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት እግራቸው አብዝቶ ያዘነብል የነበረባቸው ከሌሎቹ የበለጠ አልተጎዱም። በቫንኩቨር ለግማሽ ማራቶን ይዘጋጁ በነበሩ 81 ሴቶች ላይ በተደረገው ጥናት ደግሞ በሕመም የተነሣ ብዙ ልምምድ ያመለጣቸው እጅግ ግትር የሆነውን ጫማ ያደረጉት ነበሩ።

እንዲህ ከሆነ ስታቢሊቲ ጫማ ከንቱ ነው ብሎ መዝጋት ይቀል ነበር። ግን ሉክሰምበርግ አለች። በዚያ 372 ሯጮች በሁለት ተከፍለው፣ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ድጋፍ ያለውና የሌለው ጫማ አድርገው ለስድስት ወር ሮጡ፤ በ2016 የወጣው ውጤት ድጋፍ ያለው ጫማ ጉዳትን እንደቀነሰ፣ ጥቅሙም በተለይ እግራቸው አብዝቶ ለሚያዘነብል ሰዎች እንደሆነ አሳየ። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው፣ ጫማው ለአንዳንዱ ሰው በእርግጥ እንደሚረዳ፣ ማን “አንዳንዱ ሰው” እንደሆነ ግን እርጥብ እግር ወረቀት ላይ አሳርፎ ማወቅ እንደማይቻል ነው። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን የሠሩት ቤኖ ኒግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2015 ያቀረቡት ሐሳብ ለገዢ የበለጠ ይጠቅማል። ሰውነት የራሱ የተመረጠ የአካሄድ መንገድ አለው፤ ከዚያ መንገድ የማያስወጣውን ጫማ እግር ራሱ “ይመቻል” ብሎ ይለየዋል።

ጫማ ሠሪዎቹም በጓሮ በር ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ብሩክስ በአድሬናሊን ላይ የነበረውን ጠንካራ ስፖንጅ አንሥቶ በተረከዙ ግራና ቀኝ ከፍ ያሉ ሁለት አጥሮች ተካበት፤ እግሩ ከልኩ ካላለፈ አይነኩትም። ጂቲኤስ የሚሉት ፊደላት ያሉባቸው የብሩክስ ጫማዎች በሙሉ ይህ ድጋፍ አላቸው። የሆካ አራሂ ሲወጣ ከተረከዝ ተነሥቶ ወደ ውስጠኛው ጎን የሚታጠፍ ማዕቀፍ ነበረው። ካያኖ ራሱ በ2023 በ30ኛው እትሙ ጠንካራውን ስፖንጅ ጥሎ ሰፊ መቀመጫና ከቅስቱ ሥር የሚነጥር ለስላሳ ስፖንጅ ያዘ። ስለዚህ የዛሬን ጫማ በግራጫ ቀለሙ ወይም በአውራ ጣት ብቻ መለየት አይቻልም። ሥሩ የሚያርፍበት ስፋት፣ የተረከዙ ማቀፊያ ጥንካሬ፣ መሐሉ ሲጠመዘዝ የሚያሳየው እንቢታ ይታያል።

ማን ይሞክረው? ሲደክም ቁርጭምጭሚቱ እንደሚወድቅ የሚሰማው፣ በቅልጥሙ ውስጠኛ ጎን ሕመም የሚመላለስበት፣ ቀድሞም በእንዲህ ያለ ጫማ ደህና የሮጠ ሰው ቢሞክረው እደግፋለሁ። ያለ ምንም ሕመም ለዓመታት የሮጠ ሰው ግን ቪዲዮ አይቶ ጫማውን ባይቀይር ይሻላል። አሮጌው ጫማም ይናገራል፤ ሊስትሮዎች ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። የተረከዙ ውጨኛ ጠርዝ መበላቱ የብዙዎች ነው፣ አያሳስብ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ሲያዩት ጫማው ራሱ ወደ ውስጥ ከተጋደመ ግን ልብ ሊሉት ይገባል።

ሲለኩ እግር ባበጠበት በማታ፣ በሚሮጡበት ካልሲ ይለኩ። ቆሞ መለካት ግዴታ ነው፤ ቅስቱ ዝቅ ሲል እግር ይረዝማልና። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይተዉ። ከዚያ ይሩጡበት፤ መራመድ ብቻውን ምንም አይነግርም። ከቅስቱ ሥር እንደ ጉብታ የሚቆረቁር ነገር ከተሰማ “ይለመዳል” ቢባሉም አይቀበሉ።

በአዲስ አበባ ሌላም ጣጣ አለ። ልባሽ ጫማ ርካሽ ነው፤ ግን ስፖንጁ በሌላ ሰው አረጋገጥ ተጨፍልቋል፣ የሚደግፈው ጎን ደግሞ ቀድሞ የሚደክመው ሊሆን ይችላል። ኮፒውም ቢሆን መልኩን እንጂ ውስጡን አይቀዳም። ሁልጊዜ በአስፋልቱ አንድ ጠርዝ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ከጫማው በፊት መንገዱን ይይ። አስፋልት ውሃ እንዲወርድለት ወደ ዳር ስለሚያጋድል በከፍታው በኩል ያለው እግር በግድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። አንዱ ጉልበት ብቻ የሚያመው ከሆነ ጎን መቀየር ጫማ ከመቀየር ይቀድማል፤ ዋጋም የለውም። አንዱ እግር በድንገት ጠፍጥፎ ቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል ካበጠ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ብዙዎቻችን ጫማ የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው፤ “ለጠፍጣፋ እግር የሚሆን” ብሎ መላክ ደግሞ ዘመዱን ለሻጭ አሳልፎ መስጠት ነው። ቆመው የለኩትን ርዝመት በሴንቲሜትር፣ የሚፈልጉትን ሞዴል ከነቁጥሩ፣ ከሁሉም በላይ ወርዱን ይጻፉለት። በአሜሪካ መደብሮች መደበኛው የወንድ ወርድ ዲ፣ የሴት ቢ ነው፤ ሰፊው ለወንድ 2ኢ፣ ለሴት ዲ ይባላል። ወርዱ የጠበበ እንደሆነ የቱንም ያህል ድጋፍ ቢኖረው እግሩ ከስፖንጁ ጠርዝ አልፎ ይንጠለጠላል። ያለፈው ዓመት እትም ካለ እሱን ይዞ ይምጣ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ልዩነቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው።