ከካዝና የወጣ ገንዘብ መቼ ወጪ ይባላል? ከዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሎች የሒሳብ አሠራር ለሰበካ ጉባኤያት

በከፋ ዞን የሚገኙ ሰበካ ጉባኤያት ምንጭ ለማጎልበት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ያለውን ደን ለመንከባከብ ወይም ዘመናዊ ቀፎ ለማስገባት ሲያስቡ ወደ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ማማተራቸው ተገቢ ነው። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው። ይሁን እንጂ እንዲህ ባለው የጋራ ሥራ ቀድሞ የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ የሙያ ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። በአንድ ወገን «ገንዘቡ እያላቸው ያጓትቱብናል» ይባላል፤ በሌላው ወገን «ማስረጃ አያቀርቡም» ይባላል። ሁለቱም ቅሬታዎች የሚነሡት ካለመተዋወቅ ነውና የትምህርት ክፍል ሒሳብ እንዴት እንደሚሄድ ጥቂት ማብራራት ይገባናል።

የትምህርት ክፍል እንደ ሰበካ ጉባኤ የራሱ ካዝና የለውም። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም በመሆኑ በጀቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል፤ ክፍሉ የሚደርሰው በዕቅዱ መጠን የተመደበለት ድርሻ እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። የክፍሉ ኃላፊ ይጠይቃል፣ በላዩ ያለው ኃላፊ ያጸድቃል፣ ፋይናንስ ይከፍላል። ስለዚህ መምህሩ «እሺ» ስላለ ብቻ ሥራ መጀመር፣ ወይም ክፍያው ሲዘገይ ጉዳዩን ወደ ዞኑ ፋይናንስ መምሪያ መውሰድ ድካም ብቻ ነው። የዞኑ መምሪያ የክልሉ መዋቅር ነው፤ በፌዴራል ተቋም በጀት ላይ አያዝዝም።

ወጪው ደግሞ በስም ብቻ ሳይሆን በሒሳብ መደብ ይታወቃል። ለምሳሌ ነዳጅና ቅባት 6217፣ ውሎ አበል 6231 ነው። ለነዳጅ የተያዘውን ለአበል ለማዋል ከፈለጉ አስቀድሞ የበጀት ዝውውር መፈቀድ አለበት። ዕቃ ሲገዛ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ገቢ ያደርገዋል፤ ለሥራ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። ችግኝ ማፍያ ፕላስቲኩ ቦንጋ ደርሶ ሳለ ለምን በዚያው ቀን አልተሰጠንም የሚሉ አባቶች መልሱን እዚህ ያገኙታል።

ከሁሉ በላይ ልናተኩርበት የምንፈልገው ግን የቅድሚያ ክፍያ ነው። አንድ መምህር ለመስክ ሥራ ገንዘብ ሲወስድ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ወጪ ተብሎ አይጻፍም። በስሙ ተሰብሳቢ ሒሳብ ሆኖ ይመዘገባል፤ ማለትም መምህሩ ባለዕዳ ነው። ደረሰኙንና የአበል ማስረጃውን አቅርቦ፣ የተረፈውን መልሶ ሲያወራርድ ብቻ ዕዳው ይነሣለታል፤ ያን ጊዜም ወጪ ይሆናል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤቱ በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ዩኒቨርሲቲዎች ደጋግመው ከሚነሡባቸው ጉድለቶች አንዱ ይኸው በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። የተማረ ሰው በሞላበት ተቋም ይህ ከታየ በእኛ ዘንድ መታየቱ አያስደንቅም፤ ማስተካከል ግን ይገባናል።

በሰበካ ጉባኤያት ሪፖርት ዘንድ የምናየው ስሕተት በትክክል ይህ ነውና በምሳሌ እንየው። ለምንጭ ግንባታ 120,000 ብር ለግንባታ ኮሚቴው ተሰጠ እንበል። ብዙዎች በሪፖርታቸው «ወጪ 120,000» ብለው ይዘጋሉ። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ማስረጃ የቀረበበት 92,400 ብር ቢሆንና 7,600 ብር ወደ ባንክ ቢመለስ፣ ትክክለኛው ሪፖርት ወጪ 92,400፣ ተመላሽ 7,600፣ ያልተወራረደ 20,000 ይላል። ይህን 20,000 ብር መግለጥ ነውር አይደለም። በማን እጅ እንዳለና መቼ እንደሚወራረድ ከጎኑ ከተጻፈ ሪፖርቱ ሙሉ ነው። በወጪ ስም ሲደበቅ ግን ኦዲተሩ ሲያገኘው ጉድለት ይባላል፤ ቀጣዩ ክፍያም ይያዛል። ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ደብር እንዲህ ሆኖ ሲሚንቶው ሳይገዛ ክረምቱ ገባ፤ ሴቶችና ልጆችም ያን ክረምት ከዚያው ካልተከደነው ምንጭ ቀዱ። ገንዘቡን የበላው ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ነበር የጠፋው።

«በፈረስ አሸዋ ያመላለሰ ገበሬ ደረሰኝ ከየት ያመጣል?» የሚለው ጥያቄ እውነት አለው። ለእንዲህ ያለው ክፍያ ስም፣ ቀበሌ፣ የጭነት ብዛት፣ የአንዱ ዋጋና ጠቅላላ ድምር የሰፈረበት የክፍያ ሰነድ ተዘጋጅቶ ተቀባዩ ይፈርማል ወይም አሻራ ያኖራል፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት በምስክርነት ይፈርማሉ፤ ዋጋው የተወሰነበት ቃለ ጉባኤም ይያያዛል። ይህ ግን ከሱቅ ለሚገዛ ሲሚንቶ አይሠራም። ከነጋዴ ሲገዛ ሕጋዊ ደረሰኝ የግድ ነው፤ በበጀት ላይም ተጨማሪ እሴት ታክሱን መርሳት የለብንም። ከታክስ በፊት 40,000 ብር የተባለ ዕቃ በ15 በመቶ ታክስ 46,000 ብር ይሆናል። የምእመናን የጉልበት አስተዋጽኦም በሰውና በቀን ተቆጥሮ ለብቻው ይመዝገብ፤ ከጥሬ ገንዘብ ጋር አይደባለቅ።

አንዳንድ አባቶች በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 12 ቤተ መቅደሱን ያደሱት ሠራተኞች ታማኞች ስለነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም በማለት ይሞግቱናል። መልካም ሙግት ነው። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ከሳጥኑ የወጣው ብር አስቀድሞ በንጉሡ ጸሐፊና በሊቀ ካህናቱ ፊት ተቆጥሯል። ሣጥኑ የተዘጋጀውም ካህናቱ ገንዘብ እየተቀበሉ እስከ ኢዮአስ 23ኛ ዓመት ድረስ ፍራሹ ሳይታደስ በመቅረቱ ነበር።

የጊዜው ነገር በከፋ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የተመደበና ያልተሠራበት በጀትም ለቀጣዩ ዓመት አያድርም። እስከ ሰኔ 30 ለገባ ዕቃና ለተፈጸመ አገልግሎት በሐምሌ ወር የሚከፈልበት የችሮታ ጊዜ ቢኖርም፣ ገና ላልተጀመረ ሥራ አይጠቅምም። በአንጻሩ ብዙ የውጭ ለጋሾች ዓመታቸውን በፈረንጆቹ ጥር ይከፍታሉ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሕዝቡ በቡና ለቀማ ላይ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ መንገዱ ጭቃ ነው። እንግዲህ ከትምህርት ክፍል ጋር የሚሠራ ሰበካ ጉባኤ የግዢ ጥያቄውን ከጥር በፊት ቢያስገባ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ቢሠራ፣ በሚያዝያ ቢያወራርድ ይሻለዋል። የሚያዝያው ማወራረጃ ሲላክ የክፍያ ሰነዶቹ ዋና ቅጂ፣ ቃለ ጉባኤውና የባንክ መግለጫው አብረው ይላኩ፤ ፎቶ ኮፒው በደብሩ መዝገብ ቤት ይቅር።