አገርን መዝጋትና ሰውን ማጣራት፦ በአዋሽ ሸለቆ የሚታየው የደኅንነትና የስደት ክርክር

ሰላም ከራቃቸው አገሮች የሚመጡ ሰዎችን በብሔራዊ ደኅንነት ምክንያት መከልከል ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር ጎልቶ የሚሰማው ከዋሽንግተንና ከአውሮፓ ዋና ከተሞች ቢሆንም፣ ጥያቄውን በየዕለቱ የሚጋፈጡት ግን እንደ አፋር ያሉ ጠረፋማ ክልሎች ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውራ ጎዳና አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ወደ ሚኤሶና ወደ ድሬዳዋ ሲያቀና፣ ሁለተኛው ሸለቆውን ይዞ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ በኩል ሰመራ ይደርስና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል። በዚህ መስመር የሚጓዝ አውቶቡስ ኬላ ላይ ሲቆም ተሳፋሪው መታወቂያውን አውጥቶ ይይዛል፤ ከመጠለያ ጣቢያ የመጣ ኤርትራዊ ስደተኛ ግን ከስደተኛ መታወቂያው በተጨማሪ የይለፍ ወረቀት፣ ማለትም ከጣቢያው ውጭ ለተወሰነ ጊዜ እንዲንቀሳቀስ የተፈቀደለት መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ፣ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ወረቀት ለፈታሹ የሚነግረው ሰውየው ማን እንደሆነ ነው፤ የመጣበት አገር ሰላም ይሁን አይሁን ከወረቀቱ አይነበብም።

የደኅንነት ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያና ኤርትራ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ሲዋጉ ወደ አሰብ የሚወስደው የቡሬ ግንባር የሚገኘው በዚሁ በአፋር ምድር ነበር፤ ቡሬ ላይ ድንበሩ የተከፈተውም መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የፈረሙት የስደተኞች ስምምነት ይህን የመሰለውን ሥጋት አልዘነጋውም። ስምምነቱ በግል የሚሳደደውን ብቻ ሳይሆን በወረራ፣ በባዕድ አገዛዝ ወይም የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ በሚያናጋ ሁኔታ አገሩን ጥሎ የወጣውንም ስደተኛ ብሎ ይቀበላል፤ በዚያው ልክ ስደተኞች በአፍሪካ አገሮች ላይ አፍራሽ ተግባር እንዳይፈጽሙ ይከለክላል፣ በተቻለ መጠንም ከትውልድ አገራቸው ድንበር ራቅ ብለው እንዲሰፍሩ ያዝዛል። እንግዲህ የአንድ አገር አለመረጋጋት በአፍሪካው ሕግ ሰውን ለመቀበል ምክንያት ሲሆን፣ በእገዳ ደጋፊዎች ክርክር ግን ያው አለመረጋጋት ሰውን ለመመለስ ምክንያት ይሆናል።

ስደተኞችን ከውጊያ ቀጠና የማራቅን አስፈላጊነት በአፋር የምትገኘው በርሀሌ በሚያሳዝን ሁኔታ አሳይታለች። የሰሜኑ ጦርነት ወደ አፋር በተዛመተበት ወቅት፣ በጥር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ታጣቂዎች ኤርትራውያን ወደሚኖሩበት የበርሀሌ መጠለያ ገብተው ንብረት ዘረፉ፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እንዳስታወቀው ቢያንስ 5 ስደተኞች ተገደሉ፣ ሴቶችም ታፍነው ተወሰዱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ አፍዴራና ወደ ሰመራ ሸሹ፤ ኋላም ከሰመራ ወደ ጋላፊ በሚያመራው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰርዶ የተጠለሉ ብዙ ናቸው። በዚያ ወቅት የደኅንነት ጥያቄ ከተነሣ ሊነሣ የሚገባው ስደተኞቹን ማን ይጠብቅ የሚለው ነበር።

ኢትዮጵያ ራሷም በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ አቋም ይዛ አልዘለቀችም። የስደተኞችን ጉዳይ የሚመራው መሥሪያ ቤት ለረጅም ጊዜ በብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ሥር መቆየቱ፣ ስደት በመጀመሪያ ደረጃ የጸጥታ ጉዳይ ተደርጎ ይታይ እንደነበር ያመለክታል። እንደዚያም ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ኤርትራውያን ስደተኞች የሚደግፋቸው ዘመድ ካለ ወይም ራሳቸውን ከቻሉ ከመጠለያ ውጭ እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብትን አሰፋ። አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን አቅጣጫው ተቀየረ፤ እስከ ጥር 2012 ዓ.ም. ድረስ ይሠራበት የነበረው የጅምላ ዕውቅና፣ ማለትም ኤርትራዊ መሆኑ የተረጋገጠን ሰው የግል ጉዳዩን ሳይመረምሩ ስደተኛ ብሎ የመመዝገብ አሠራር፣ ቀረ። እያንዳንዱን ሰው ለብቻው መመርመር በራሱ ስሕተት አይደለም፤ መርማሪው ባለበት ቦታ ምዝገባው ሲጓተት ወይም ሲቋረጥ ግን ማጣራት የሚባለው ነገር በተግባር እገዳ ይሆናል።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ያወጣው አዋጅ ከዚህም ይርቃል። በዚያ አዋጅ ዜጎቻቸው እንዳይገቡ ከተከለከሉት 12 አገሮች መካከል የኢትዮጵያ ጎረቤቶች ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን እንዲሁም የመን ነበሩ። ከቀረቡት ምክንያቶች ውስጥ በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው፣ የአንዳንዶቹ መንግሥታት የሚሰጡት ፓስፖርትና የወንጀል መዝገብ ሊታመን ወይም ሊገኝ አይችልም የሚለው ነው፤ ማንነቱን ማረጋገጥ ያልተቻለን ሰው ላለማስገባት የትኛውም አገር መብት አለው። ችግሩ ግን ከአገሩ መንግሥት የሸሸ ሰው ማንነቱን በዚያው መንግሥት ማኅተም እንዲያስመሰክር መጠየቁ ላይ ነው።

የአፋር ሕዝብ ኑሮ ሌላ የማስመስከሪያ መንገድ እንዳለ ያሳያል። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፋፍሎ የሚኖረው ይህ ሕዝብ ዳጉ የሚባል የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አለው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ረጋ ብለው የየት ጎሣ ሰው እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ በመንገዳቸው ማንን እንዳገኙ፣ ውኃና ግጦሽ የት እንዳለ ይነጋገራሉ፤ የሐሰት ወሬ ማቀበልም እንደ ነውር ይቆጠራል። ከደንከል ባሕር ዳርቻ የመጣ ኤርትራዊ አፋር አሳይታ ሲደርስ ጎሣው ታውቆ ዘመዶቹ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ከጣቢያ ይልቅ በወገኖቻቸው መካከል የሚኖሩት ስለዚህ ነው። ዳጉ ስለ ደጋው ኤርትራዊ ወይም ስለ ሱዳናዊው የሚነግረው ብዙም የለም፤ ለእነርሱ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን የሚመዘግበው አሠራር ከሠለጠነ ጠያቂ ጋር ያስፈልጋል። ሁለቱም መንገዶች ግን የሚመረምሩት ሰውን ነው።

በዚሁ የሰመራና የጋላፊ መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዙት ደግሞ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ናቸው፤ በጅቡቲ ኦቦክ አድርገው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በጦርነት የደቀቀችውን የመንን አቋርጠው ሳዑዲ አረቢያ ለመግባት ይሞክራሉ። ሳዑዲ አረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስታባርር የብዙ ቤተሰብ ሐዘን በአገር ደረጃ ተሰምቷል። ሕጋዊው በር በተዘጋ ቁጥር የደላላው ገበያ ይደራል፤ በደላላ የሚሻገረው ሰው ደግሞ በየትኛውም መንግሥት መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር፣ ደኅንነትን ያስጠብቃል የተባለው እገዳ የማይታወቁ ሰዎችን ቁጥር ያበዛል።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው። የስደተኞች አዋጁ ለአገር ደኅንነት አደጋ የሆነን ስደተኛ ከአገር ለማስወጣት ይፈቅዳል፤ ጥያቄው ውድቅ ለተደረገበት ሰውም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲነገረውና ይግባኝ እንዲል ያስችለዋል። የሚቀረው ይህ ሕግ አዲስ ለሚመጣው ሰው በሰመራና በአሳይታ ሳይቋረጥ እንዲሠራ፣ መዝጋቢውም ከደላላው ቀድሞ እንዲያገኘው ማድረግ ነው።