በሃይላንድ የሚቸረቸረው ቤንዚንና የሞተረኛው ፊልትሮ

ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት በሽንኩርቷና በማሾዋ የምትታወቅ የይፋት ቆላ ከተማ ነች። ምርቱ ከማሳ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር እስኪደርስ ድረስ አይሱዙ የማይገባበት መንገድ ብዙ በመሆኑ፣ ሰውም ጭነትም በሞተር ሳይክል ይመላለሳል። በዚህ ዓይነት አካባቢ አንድ ሞተር ሳይክል በገበያ ቀን ለግማሽ ቀን ቢቆም ጉዳቱ ከባለቤቱ ኪስ ያልፋል።

ለመቆሙ ምክንያት ከሚሆኑት መካከል አንዱ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ርካሽ ዕቃ ነው። ይኸውም ከነዳጅ ታንከሩ ወደ ካርቡራቶሩ በሚወርደው ጎማ መካከል የሚገባው የቤንዚን ማጣሪያ ወይም መካኒኮች እንደሚሉት ፊልትሮ ነው።

ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ ይሸጣል። ከማደያ ውጭ የሚደረገውን የነዳጅ ሽያጭ በ2017 ዓ.ም የጸደቀው አዋጅ በቅጣት የሚከለክለው ቢሆንም፣ የቸገረው ሞተረኛ ሻጭ አያጣም። ከበርሜል ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ የተገለበጠ ቤንዚን ግን በየዕቃው ያገኘውን ዝገት፣ አቧራና ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ደረሰኝም የለው፣ ተመላሽም የለው።

የዋጋው መናርም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በአዲስ አበባ ማደያዎች በ2014 ዓ.ም ክረምት 47 ብር ከ83 ሣንቲም ይሸጥ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሣንቲም ገብቷል። ዋጋው ሲወደድ ሞተረኛው በሊትርና በግማሽ ሊትር መግዛት ያዘወትራል፤ ታንከሩም ሙሉ የሚሆንበት ቀን ይጠፋል። ከዚያም ሪዘርቩ የዘወትር መስመር ይሆናል። ሪዘርቭ ደግሞ የሚቀዳው ከታንከሩ ወለል፣ ዝቃጩ ካለበት ነው። ፊልትሮው ይህን ሁሉ ቢሸከምም ሞተሩ መነሳቱን አያቆምምና፣ ባለቤቱ ቅያሪውን ለሚቀጥለው ሳምንት ያስተላልፋል። ኪሳራው በደረሰኝ ስለማይመጣ ቆጥሮ የሚይዘው ሰው ጥቂት ነው።

የተደፈነ ፊልትሮ ያለው ሞተር ሜዳ ላይ ደህና ይሄድና ጭነት ሲበዛበት ወይም ዳገት ሲጀምር ይታፈናል። ወደ ደብረ ሲና የሚወጣ ሰው ግን ሊሳሳት ይችላል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፊልትሮው አዲስ ቢሆንም እንኳ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ፍተሻው ቆላ ላይ ሳሉ ቢደረግ ይሻላል፤ ጎማውን ከካርቡራቶሩ ነቅሎ የቤንዚኑን መዝጊያ በመክፈት ወደ ንጹሕ ዕቃ ማስወረድ ነው። ጠብ ጠብ ካለ ፊልትሮውን አውጥቶ መሞከር ያስፈልጋል። ያለ ፊልትሮም ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ጥፋቱ የታንከሩ፣ የመዝጊያው ወይም የክዳኑ መተንፈሻ ነው።

ቅያሪው ራሱ ጋራዥ የሚያስኬድ አይደለም። መዝጊያው ተዘግቶ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ፋሼታዎቹን በፒንሳ ማላላት፣ አሮጌውን ማውጣት፣ በአዲሱ ላይ ያለውን ቀስት ወደ ካርቡራቶሩ አዙሮ ማስገባት ነው። ጎማው ከተሰነጠቀ አብሮ ይቀየራል። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መዝጊያውን ከፍቶ የሚያንጠባጥብ ነገር መኖሩን ማየትም አይዘነጋም። በፓምፕ የሚሠሩትና ኢንጀክሽን ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ግን ቤንዚናቸው ግፊት ስላለበት ለባለሙያ ቢተዉ ይመረጣል። አሮጌውን ፊልትሮ በአፍ እየነፉ መልሶ መግጠም የተለመደ ቁጠባ ቢሆንም፣ ወረቀቱ በንፊያ አይጸዳም፤ ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ የሕክምናው ወጪ የስንት ፊልትሮ ዋጋ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ሲባል ግቢ ማለት እንጂ ጓዳ ማለት አይደለም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል ጥቂት እርምጃ ርቆ ቢቀመጥም ትነቱ ሊደርስበት ይችላል፤ በቆላው ሙቀት ደግሞ ትነቱ ይበዛል።

የወጣውን ፊልትሮ ከመጣል በፊት ገልብጦ ማየት ይጠቅማል። ቀይ ዝገት ካለበት ታንከሩ ካልታጠበ አዲሱም በቀናት ውስጥ ይደፈናል። ውሃ ከተገኘበት ደግሞ የካርቡራቶሩን የታች ማፍሰሻ ቡሎን አላልቶ የተጠራቀመውን ማውጣት ያስፈልጋል።