የዓርብ ማታ ማኅበር

መጽሐፍን ለብቻው የሚያነብ ሰው ብዙ ነገር ያገኛል፤ ነገር ግን ያነበበውን በባልንጀራው ፊት እስኪናገረው ድረስ ምን ያህሉን እንዳስተዋለ አያውቅም። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ከሥራቸው በኋላ ማታ ማታ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው፥ ስላነበቡትና ስለ ከተማቸው ነገር መነጋገርን ልማድ አደረጉ። ልጆች ሆይ፥ ከእነዚህ ማኅበሮች የአንዱን ነገር ስሙ።

በአሜሪካ አገር ፊላዴልፍያ በምትባል ከተማ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚባል የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1727 ዓመት፥ ዕድሜው 21 ሲሆን፥ ወዳጆቹን ሰብስቦ ጁንቶ የተባለውን ማኅበር አቆመ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ይገናኙ ነበር፤ አስቀድሞ በመጠጥ ቤት፥ በኋላም ከማኅበርተኞቹ አንዱ በሰጣቸው ክፍል። ቍጥራቸው ከ12 እንዳይበልጥ ወሰኑ። መኳንንት አልነበሩም፤ አንዱ ጫማ ሰፊ፥ አንዱ አናጢ፥ አንዱ መሬት ለኪ፥ አንዱም ጽሑፍ ገልባጭ ነበረ።

ሥርዓታቸውም እንዲህ ነበረ። እያንዳንዱ በተራው ስለ ምግባር፥ ስለ አገር አስተዳደር፥ ወይም ስለ ፍጥረት ጥያቄ ያመጣል፤ በሦስት ወርም አንድ ጊዜ ራሱ የጻፈውን ድርሰት በሁሉ ፊት ያነባል። ጥያቄው የሚመረመረው እውነትን ለማግኘት እንጂ ለመርታት አልነበረም። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ጭንቅ ነው። ፍራንክሊን ራሱ በልጅነቱ ክርክር ወዳድ ነበረ፤ ይህም ጠባይ ከአባቱ የሃይማኖት ክርክር መጻሕፍት እንደ ተጋባበት ጽፎአል። ስለዚህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፥ «ነገሩ እንዲህ ነው፥ ሌላ የለም» ብሎ የሚናገርና የባልንጀራውን ቃል ፊት ለፊት «ሐሰት ነው» የሚል ጥቂት ገንዘብ መቀጫ እንዲከፍል ደነገጉ። በእኛ አገር ከማኅበር የቀረ ሰው እንደሚቀጣ፥ በዚያ የሚቀጣው ችኩል ምላስ ነበረ። ፍራንክሊንም «በእርግጥ» እና «ያለ ጥርጥር» ማለትን ትቶ፥ «እንደሚመስለኝ» ማለትን ለመደ።

ይህ ሥርዓት ለሁሉ አልተስማማም። ቶማስ ጎድፍሬ የሚባለው መስታወት ገጣሚ ያለ መምህር ሒሳብን የተማረ ብልህ ሰው ነበረ። ነገር ግን በንግግር ሁሉ እንደ ሒሳብ ያለ ፍጹም ልክ ይፈልግ ነበርና፥ በጥቃቅኑ ነገር እየተቃወመ ጨዋታውን ያውክ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተለያቸው። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አለ፤ ዕውቀቱ አይናቅም፥ አጠገቡ ግን የሚቀመጥ አይገኝም።

ፍራንክሊን ስለ ከተማይቱ የሌሊት ጥበቃ የጻፈውንም በዚያ ማኅበር አነበበ። በዚያን ጊዜ በተራው ወጥቶ መጠበቅ የማይወድ ባለ ቤት ሁሉ በዓመት 6 ሽልንግ ይከፍል ነበር፤ በገንዘቡ የተቀጠሩት ግን ብዙውን ሌሊት በመጠጥ ያሳልፉት ነበር። ከዚህም የሚብሰው፥ ንብረትዋ ሁሉ ከ50 ፓውንድ የማያልፍ ድሀ ባልቴት፥ በመጋዘኑ የብዙ ሺህ ፓውንድ ዕቃ ካለው ነጋዴ ጋራ እኩል መክፈልዋ ነበረ። ስለዚህ እያንዳንዱ እንደ ሀብቱ መጠን ይክፈል ብሎ አሳሰበ። ማኅበርተኞቹም ተቀበሉት። ሐሳቡ ወዲያው አልተፈጸመም፤ ነገር ግን የሰውን ልብ አዘጋጀ፥ ከዓመታትም በኋላ ለሕግ መንገድ ጠረገ። ሆኖም ስለ ባልቴቲቱ የተነጋገሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። እርስዋን ለመሰለች ሴት፥ ወይም በከተማይቱ በባርነት ይኖሩ ለነበሩት አፍሪቃውያን፥ በዚያ ክፍል ስፍራ አልነበራቸውም።

ሲነጋገሩ መጻሕፍትን ይጠቅሱ ስለ ነበረ፥ እያንዳንዱ ያለውን መጽሐፍ ወደ ክፍሉ አምጥቶ በአንድነት እንዲያኖር ተስማሙ። ቍጥሩ እንደ ጠበቁት አልበዛም፤ ተገቢ ጥንቃቄም ስላልተደረገ ችግር መጣ፥ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላም ሁሉም የየራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፍራንክሊን ግን ሐሳቡን አልተወም። በ1731 ዓመት 50 ሰዎች እያንዳንዳቸው አስቀድሞ 40 ሽልንግ፥ ከዚያም በየዓመቱ 10 ሽልንግ ሊያዋጡ ተስማምተው፥ መጽሐፍ የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ፤ መጻሕፍቱንም ከእንግሊዝ አገር አስመጡ። ያ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም በፊላዴልፍያ አለ፤ መመርመር የሚወድ ሁሉ ያለ ዋጋ ገብቶ ያነባል።