ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። በሲያትል ከተማ ለብዙ ዘመን የኖረ የቅርጫት ኳስ አፍቃሪ ይህን ተረት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። የሚጠራጠር ካለ ቡና በተፈላበት ቤት ወይም ባለታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሥፍራ ጁን 5 ቀን 1993 የተባለችውን ዕለት ያንሳና ይሞክረው። በአቦል የተጀመረው ሙግት በበረካም አያልቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ፕሌይኦፍ፣ በምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ፣ ሲያትል ሱፐርሶኒክስና ፊኒክስ ሰንስ ሦስት ለሦስት ተሸናንፈው ሰባተኛው ጨዋታ በፊኒክስ ሜዳ ተደረገ። ሰንስ 123 ለ110 አሸነፈ። ቻርልስ ባርክሊ ብቻውን 44 ነጥብ አስቆጥሮ 24 ሪባውንድ ሰበሰበ። ይህን ማንም አይክደውም። የሲያትልን ሰው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ሌላ ቁጥር ነው፤ ለፊኒክስ የተሰጠው 64 የቅጣት ውርወራ። ከነዚህ 57ቱ ገቡ። ከመቶ 46 እጅ የሚሆነው የፊኒክስ ነጥብ የተገኘው ሰዓቱ ቆሞ፣ ተከላካዩም እጁን አጣጥፎ እያየ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የተወራው ብዙ ነው። ሊጉ ማይክል ጆርዳንን ከባርክሊ ጋር ሊያፋጥጥ ፈልጎ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ገንዘብ ሸቶት ነው ይባላል። በርግጥም ለዋንጫው ቺካጎና ፊኒክስ ተገናኙ፤ የጆርዳን ቡድን 4 ለ2 አሸንፎ ወሰደው። ነገር ግን መመኘት ሌላ፣ ማድረግ ሌላ ነው። ያ ጨዋታ መሸጡን የሚያሳይ ማስረጃ ማንም አላቀረበም። እውነቱን እንናገር ከተባለ የጆርጅ ካርል ቡድን ይከላከል የነበረው ሰው ላይ ተጣብቆ፣ ሁለት ሆኖ እየከበበ፣ እጅ እያበዛ ነው። እንዲህ የሚጫወት ቡድን ፊሽካ ይበዛበታል። 24ቱን ሪባውንድ ደግሞ ለባርክሊ ዳኛ አልሰጠውም።

ታዲያ ጥርጣሬው ለምን አይሞትም? በየጊዜው የሚቀልበው ስላላጣ ነው። በ2002 ሳክራሜንቶ ኪንግስ ሎስ አንጀለስ ሌከርስን ለማሰናበት አንድ ድል ሲቀረው ስድስተኛውን ጨዋታ 106 ለ102 ተሸነፈ። ሌከርስ በአራተኛው ሩብ ብቻ 27 የቅጣት ውርወራ አግኝቶ ነበር። ራልፍ ኔደር ሳይቀር ለሊጉ ኮሚሽነር ለዴቪድ ስተርን የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈ። በ2007 ደግሞ ቲም ዶናጊ የተባለው ዳኛ በሚዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ መወራረዱና የውስጥ ወሬ ለቁማርተኞች ማቀበሉ ተጋለጠ። ጥፋቱን አምኖ በ2008 የ15 ወር እሥራት ተፈረደበት። ስለ 2002ቱ ጨዋታ የሰነዘረውን ክስ ሊጉ አስተባብሏል፤ በሊጉ የተቀጠሩት የሕግ ባለሙያ ሎረንስ ፔዶዊትዝ ያካሄዱት ምርመራም ሌላ ወንጀለኛ ዳኛ አላገኘም። ሌባ አንድ ጊዜ በተያዘበት ቤት ግን እንግዳ ሁሉ ኪሱን መዳበሱ አይቀርም።

ደግሞስ ዳኛ እንዲያዳላ የግድ መማለጃ መብላት አለበት? ቶቢያስ ሞስኮዊትዝና ጆን ወርታይም በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ባለሜዳው ቡድን የሚቀናበት ዋናው ምክንያት ዳኞች ሳይታወቃቸው በተመልካቹ ጩኸት መሸነፋቸው ነው ብለው ተከራክረዋል። እንዲህ ያለው አድልዎ ቁማርተኛ አያስፈልገውም፤ ሰው መሆን ብቻ ይበቃዋል።

ሊጉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከ2015 ጀምሮ በተቀራረቡ ጨዋታዎች በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የተሰጡትን ውሳኔዎች ይህ ትክክል፣ ይህ ስህተት እያለ ለሕዝብ ያወጣል። ከ2019 ወዲህም አሠልጣኝ ውሳኔ ዳግም እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አግኝቷል። መልካም ነው። ግን የፊኒክሱ 64 ውርወራ በ48 ደቂቃ የተበተነ ነው። የቀሩትን 46 ደቂቃዎች ማን ይናገርላቸው? ገና በመጀመሪያው ሩብ ሁለት ፋውል ተነፍቶበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ተከላካይ ያስከተለው ጉዳት በዚያ ሪፖርት አይገባም።

በርግጥ የኛም ከተማ ብትሆን በዳኛ ስህተት ያልተጠቀመች አይደለችም። በአሜሪካን ፉትቦል በሴፕቴምበር 2012 ሲሃውክስ ግሪን ቤይን 14 ለ12 ያሸነፈው ተተኪ ዳኞች በመጨረሻዋ ቅጽበት በሰጡት አከራካሪ ውሳኔ ነው። ያን ሌሊት ሲያትል ጨፈረች እንጂ አቤት አላለችም። በ2006 በሱፐር ቦውል ስትሸነፍ ግን ለዓመታት አልቅሳለች። የዚያ ጨዋታ ዋና ዳኛ ቢል ሌቪ በ2010 ወደ ሲሃውክስ ልምምድ መጥቶ በአራተኛው ሩብ ሁለት ውሳኔ ማበላሸቱን ለጋዜጠኞች ተናገረ። ዋንጫው አልተመለሰም። ሆኖም «ተበድያለሁ» የሚለው ሰው እብድ አለመሆኑ በዳኛው አፍ ተመሰከረለት።

ሙግት ለኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ ዳኛው በአደባባይ ይቀመጥ ነበር፤ የተረታውም በምን እንደተረታ ሰምቶ፣ ካልተዋጠለት ይግባኝ ይል ነበር። ኋላ ግን ፍርድ በተዘጋ ቤት የሚሰጥበት፣ «ለምን?» ማለት ወንጀል የሆነበት ዘመን መጣና ብዙዎቻችን እዚህ ደረስን። ስለዚህ የደጋፊውን ጩኸት የጨዋታ ነገር ነው ብለን አንናቀው። ውጤት ይገልበጥልኝ አላለም። ከፕሌይኦፍ ጨዋታ በኋላ አሠልጣኙም ተጫዋቹም ጋዜጠኛ ፊት ይቀርባል፤ ዳኛው ግን አንድ ተወካይ ጋዜጠኛ ለሚያቀርብለት ጥቂት ጥያቄ መልሶ ይሄዳል። እሱም እንደ ሌሎቹ ይቅረብ። ሪፖርቱም ለ48ቱም ደቂቃ ይውጣ።

ሱፐርሶኒክስ ራሱ በ2008 ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተወስዷል። እሱ እንኳ የሄደው ክስ ተመሥርቶ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ከተማዋ ከባለቤቶቹ ጋር በ45 ሚሊዮን ዶላር ታርቃ ነው። መራራ ነው፤ ግን ዶሴው አለ፣ የፈለገ ያነበዋል። በቅሎዋ የሄደችው እንዲህ ነው። የጭብጦዋን ዶሴ ግን እስከ ዛሬ ያሳየን የለም።