ለኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ናይሮቢ ለሚወርዱ

የቆየ ኮምፒዩተር አንድ ቀን ቁልፉን ሲጫኑት ዝም ይላል። መብራቱ አይበራም፤ ማራገቢያውም አይዞርም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የተበላሸው ኮምፒዩተሩ ራሱ ሳይሆን ከኋላው ያለው፣ የመስመሩን ኤሌክትሪክ ወደ ዝቅተኛ ቮልት የሚለውጠው የብረት ሳጥን፣ ማለትም ፓወር ሰፕላዩ ነው። በካኩማ ማመልከቻ እየጻፈ ወይም ፎቶ እያተመ ለሚተዳደር ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ዕቃው እንደልብ የሚገኘው ደግሞ ናይሮቢ ነው። የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ወጥቶበት፣ በኪታሌ በኩል ያን ሁሉ መንገድ ተሂዶ የተገዛው ሳይገጥም ቢቀር፣ ለመመለስ ሁለተኛ ፈቃድና ሁለተኛ ትኬት ያስፈልጋል። ስለሆነም ዋናው ሥራ የሚሠራው ከካምፕ ሳይወጡ ነው።

በመጀመሪያ የሞተው እሱ መሆኑ ይረጋገጥ። በኬንያው ባለሦስት ጥርስ ስፒና ውስጥ ትንሽ ፊውዝ አለች፤ እሷን መለወጥና ሌላ ገመድ መሞከር ወጪ የለውም። ይህ ካልረዳ ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ፣ ወደ ማዘርቦርዱና ወደ ሌሎቹ ክፍሎች የሚሄዱትን መሰኪያዎች ሁሉ አውጡ። በትልቁ መሰኪያ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት ማያያዣ ሽቦ አገናኙና ኤሌክትሪኩን መልሱ። ማራገቢያው ካልዞረ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ድገሙት፤ አንዳንዱ ያለ ሸክም አይነሳም። አሁንም ዝም ካለ ሞቷል። ሳጥኑን ግን አትክፈቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ሰው ይገድላል።

ከዚያ በኋላ አራቱን ብሎኖች በካቻቪቴ ፈትታችሁ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የኮምፒዩተሩን ስምና ሞዴል መጻፍም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ወረቀት የዕቃውን ያህል አይናገርም። አንድ ባለሱቅ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎኝ ያውቃል። አንድ አይደለም። የተለመደው ዓይነት ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 8.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በቀጫጭን ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለው ከዚህ ያንሳል።

መሰኪያው ይበልጥ ያሳስታል። የቆየ ማዘርቦርድ 20 ቀዳዳ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው 24 ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ይፈልጋል። አራቱ ተነጥለው የሚወጡበትን ከገዛችሁ ለሁለቱም ይሆናል። ይህን ተነጣይ አራት ቀዳዳ ለፕሮሰሰሩ ከሚሰካው አራት ማዕዘን ጋር አታምታቱት፤ የፕሮሰሰሩ ሁለት ቢጫና ሁለት ጥቁር ሽቦ አለው። ዴል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በሠራቸው በርካታ ኮምፒዩተሮች ላይ መሰኪያው ከተለመደው ጋር አንድ ይመስላል፤ የሽቦዎቹ ቦታ ግን የተለየ ነው። የተለመደው ቢሰካበት ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። ስለዚህ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ይዛችሁ ቀለሙን በየቀዳዳው አስተያዩ። በኋላ የመጡ የዴል፣ የኤች ፒና የሌኖቮ ኮምፒዩተሮችም 6፣ 8 ወይም 14 ቀዳዳ ያለው የራሳቸው መሰኪያ ስላላቸው የዚያኑ ዓይነት መፈለግ ግድ ነው።

ዋቱ ከአሮጌው አይነስ። ቢበልጥ አይጎዳም፤ ኮምፒዩተሩ የሚስበው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። በጎኑ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ላይ 12 ቮልት ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር ተመልከቱ። 450 ዋት ተብሎ 14 አምፔር ብቻ ከተጻፈበት፣ 12 በ14 ሲባዛ 168 ዋት ነው። ከፔንቲየም 4 ወዲህ ያለው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ኃይሉን የሚወስደው ከዚህ መስመር ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት ግን የ5 ቮልቱ አምፔር ይታያል። በእጅ መመዘንም አይናቅ፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ውስጡም ባዶ ነው።

አሁን ስለ ቮልት። የኬንያ መስመር 240 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ 120። ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ካለ፣ ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ወዲያው ፈንድቶ ይቃጠላል። ማንሸራተቻ የሌለው ከሆነ 100-240 የሚል ጽሑፍ ይፈለግ።

ናይሮቢ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በብዛት ያሉት ሉቱሊ ጎዳናና አካባቢው ነው። ከአንድ ሱቅ በላይ ዞራችሁ ዋጋ ጠይቁ። ያገለገለ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሱቁ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያሠራላችሁ፤ የሚሸት ወይም የሚጮኽ ከሆነ ተዉት። በደረሰኙ ላይ የዕቃው ሞዴልና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። ለመመለሻው ጉዞ ፈቃዳችሁ የሚያበቃበትን ቀን አስታውሱና ግዢውን በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ፈጽሙት፤ ካልሠራ ለመቀየር ጊዜ ይኖራችኋል። ካምፕ ደርሳችሁ በጄኔሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋጋ ድረስ ኮምፒዩተሩን አታብሩት።