ካሴቱን ከመጣልዎ በፊት ገመዱን ይመርምሩ

በየስደተኛው ቤት፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን አናት ላይ፣ አንድ ካርቶን የቪዲዮ ካሴት አይጠፋም። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የተላከ የቤተ ዘመድ ሰላምታ። ካሴቱ አለ፤ የሚያሳየው ግን የለም።

ጄኔቭ የሚኖሩ አንዲት እናት የገጠማቸው ይኸው ነው። የሟች እናታቸው ድምፅ ያለበት ካሴት አላቸው። ስደት ይዟቸው ለቀብሩ አልደረሱም። ልጃቸው ከዙሪክ አዲስ ቴሌቪዥንና በወርቅ የተለበጠ ውድ የኤች.ዲ.ኤም.አይ. ገመድ ገዝቶ መጣ። አሮጌው ማጫወቻ ግን ይህን ገመድ የሚቀበል ቀዳዳ የለውም፤ ያለው ሰፊው ስካርት ብቻ ነው። ባለ ሦስት ቀለም ቀዳዳ የስካርት መሰኪያና መለወጫ ሳጥን ተገዛ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። «ካሴቱ ሞቷል» ተባለ። እኔም ከዙሪክ በባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ።

ለመሆኑ የትኛው ገመድ ይሻላል? የአንቴናው ገመድ ሥዕሉንና ድምፁን አንድ ላይ አጭቆ ስለሚልክ የሁሉም መጨረሻ ነው። ቢጫው ሥዕሉን ብቻ ይወስዳል፤ ድምፅ የነጩና የቀዩ ድርሻ ነው። ኤስ ቪዲዮ ብርሃኑንና ቀለሙን በየፊናው ያስኬዳል። ፈረንሳዮች በ1970ዎቹ ያወጡት ባለ 21 እግሩ ስካርት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለያይቶ ማድረስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ብቅ ያለው ኤች.ዲ.ኤም.አይ. ሥዕልና ድምፅን በቁጥር መልክ በአንድ ገመድ ያደርሳል። ለዛሬ መሣሪያ እሱን ይምረጡ። ቁጥሩ ወይ በትክክል ይደርሳል፣ አለዚያም ሥዕሉ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል፤ ስለዚህ ለአንድና ለሁለት ሜትር ርካሹ ይበቃል። ወርቁ ፊት አያቀላም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ገመድ ምንጩ ያልሰጠውን አለመጨመሩ ነው። ተራው የቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ በስካርት ቢገናኝም አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው ያንኑ የቢጫውን ሥዕል ነው። ለአሮጌ ካሴት ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ፣ ከዚያም የራሱ ኤሌክትሪክ ያለው መለወጫ ሳጥን ይበቃል። ሳጥኑ ከአሮጌው ወደ ኤች.ዲ.ኤም.አይ. የሚለውጥ እንጂ የተገላቢጦሹ እንዳይሆን ሲገዙ ይጠይቁ።

ሌላም አለ። የአገር ቤቱና የስዊሱ ካሴት ፓል ሲሆን፣ ከዋሽንግተን የሚላከው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ነው። ማጫወቻው ሁለቱንም ካላነበበ ሥዕሉ ይዘላል ወይም ቀለሙን ያጣል። ጥፋቱ የካሴቱ አይደለም።

ወደ ጄኔቭ ልመለስ። በስካርቱ መሰኪያ ጎን ጥፍር የምታህል ማዞሪያ አለች። «መግቢያ» ላይ ተደርጋ ኖሮ «መውጫ» ላይ ስናደርጋት ስክሪኑ በራ። ሥዕሉ ደብዘዝ ያለ ነው። ልጁ ለማስተካከል ሲታገል እናቲቱ፣ «ተወው ልጄ፣ ሥዕሉ ይቅርብኝ፤ ድምፁዋን ከፍ አድርግልኝ» አሉት።

ውድ አንባቢያን፣ የቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ በመሥራት የመጨረሻው የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። ማጫወቻው ያረጃል፤ ካሴቱም በውስጡ ያለውን እያደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ሥዕሉ የታየ ዕለት ወደ ኮምፒዩተር ይገልብጡት። ገመድ ነገም ይገዛል፤ የእናት ድምፅ ግን ከየትም አይገዛም።